አሮጌውን ኮምፒዩተር ከመጣላችን በፊት፤ ስለ ኤስ ኤስ ዲ አገባብ

በየትምህርት ክፍሉና በየማንበቢያ ክፍሉ ጥግ «አገልግሎታቸው ያበቃ» ተብለው ከግድግዳ ተጠግተው የተደረደሩ ዴስክቶፕ ኮምፒዩተሮች እንዳሉ እያንዳንዳችን የምናውቀው ነው። ይህ ፍርድ በምን ምክንያት እንደ ተሰጠባቸው ብንጠይቅ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ይዘገያሉ» የሚል። መዘግየታቸውን እኛም አንክድም። ማብሪያውን ተጭኖ ሻይ ጠጥቶ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ ይሰጣሉ። ነገር ግን የዘገየው ማነው? ኮምፒዩተሩ ነው ወይስ በውስጡ ካሉት ዕቃዎች አንዱ? ይህን ሳይለዩ መሣሪያውን በሙሉ መኰነን አንድ ጥርሱን የታመመ ሰው መንጋጋውን በሙሉ እንደ መንቀል ይቈጠራል።

«ይህማ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ጉዳይ ነው፤ እናንተን የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎችን ምን አገባችሁ?» የሚለን አይጠፋም። እርግጥ ነው፤ የእኛ ትምህርት ከካቻቪቴ ጋር ብዙ ትውውቅ የለውም። ይሁን እንጂ በነዚህ ሣጥኖች ውስጥ የሚያድረው የእኛው ጽሑፍ ነው። አንዱ ጓደኛችን ከሽማግሌዎች አፍ የቀዳው ቃለ መጠይቅ፣ ሌላዋ ከብራና ላይ ፎቶግራፍ ያነሣችው ገጽ፣ የአራተኛ ዓመት ተማሪው ግማሽ የደረሰ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም እዚያ ነው ያለው። ዕቃው የእኛ ከሆነ የጎተራውን አከፋፈትና አዘጋግ ማወቅም የእኛ ፈንታ ነው።

እንግዲህ ከመሠረቱ እንነሣ። ሀርድ ዲስክ የሚባለው ዕቃ ከብዙዎቻችን ወላጆች ዕድሜ ይበልጣል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1956 አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ ራማክ ከሚለው ኮምፒዩተሩ ጋር ያወጣው ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 61 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ነበሩት። ይህ ሁሉ ግዙፍነት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ ያለው ዲስክ በአንድ እጅ የሚያዝ ሆኖ ብዙ ሺህ እጥፍ ቢይዝም፣ የአሠራሩ ሐሳብ ግን ያው ነው። ሳህኑ ይሽከረከራል፤ በጫፉ ላይ ማንበቢያ ያለበት ክንድ በሳህኑ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ የተጠየቀውን ይፈልጋል።

በብዙዎቹ ዴስክቶፖች ውስጥ ያለው ሳህን በደቂቃ 7,200 ጊዜ፣ ማለት በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል። ሲሰሙት ፈጣን ይመስላል። ሒሳቡን ስንሠራው ግን ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ ዙር ከ8 ሚሊሰከንድ ጥቂት ይበልጣል፤ የሚፈለገው ቦታ ከማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር፣ ማለት 4 ሚሊሰከንድ ያህል መጠበቅ ያስፈልጋል። ክንዱ ራሱ ከመሥመር ወደ መሥመር እስኪሻገር 8 ወይም 9 ሚሊሰከንድ ይጨመራል። ስለዚህ ተበታትነው ከተቀመጡ ቁራጭ መረጃዎች በአንድ ሰከንድ ሊያነሣ የሚችለው ከ80 ያህል ብዙም አይበልጥም። ዊንዶውስ በሚነሣበት ጊዜ ደግሞ እንዲህ ያሉትን ቁራጮች በብዙ ሺህ ይጠራቸዋል። ሻያችንን ጠጥተን እንድንመለስ የሚያደርገን ይህ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ክንዱን ይጠብቃል፤ እኛም ተጠያቂ የምናደርገው ሥራ ፈትቶ የሚጠብቀውን ነው።

ኤስ ኤስ ዲ ሳህንም ክንድም የለውም። በውስጡ ያለው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፉጂዮ ማሱኦካ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ በቶሺባ ኩባንያ ሳሉ የፈለሰፉት የፍላሽ ማኅደረ ትውስታ ነው። ኤሌክትሮኖች በጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ታግተው ይቀመጣሉ፤ መብራት ቢጠፋም ከዚያ አይወጡም። የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለ የመጀመሪያው ክፍልም ሆነ የመጨረሻው ለማንበብ የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው፤ እሱም ከሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሻጮች ዘወትር የሚያሞግሱት «በሰከንድ 550 ሜጋባይት» የሚለውን ቍጥር ነው። ይህ ቍጥር ሐሰት ባይሆንም ዋናው ነገር እሱ አይደለም። ጥሩ ሀርድ ዲስክም አንድ ትልቅ ፊልም በተከታታይ ሲያነብ በሰከንድ ከ150 ሜጋባይት በላይ ይደርሳልና ልዩነቱ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ብቻ ነው። በተበታተኑት ቁራጮች ላይ ግን ልዩነቱ ከመቶ እጥፍ ይበልጣል። አሮጌውን ኮምፒዩተር የሚያነሣውም ይኸው ሁለተኛው ልዩነት ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ ለማየት በየቢሮው የማይታጣውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 እንውሰድ። እዚህ የምንናገረው እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ ወጣው ነው፤ ኩባንያው በ2023 ሌላ አዲስ ኮምፒዩተር በዚሁ ቍጥር ስለ አወጣ መምታታት የለብንም። የ2012ቱ ማዘርቦርድ ኤም 2 የሚባለው ቀጭን መሰኪያ የለውም፤ ያለው ሳታ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚገዛለት ባለ 2.5 ኢንች የሳታ ኤስ ኤስ ዲ ነው። አዳዲሶቹ ኮምፒዩተሮች የኤም 2 መሰኪያ አላቸው፤ እነሱን በሚመለከት ጥንቃቄ የሚያሻው ነገር ቢኖር መልካቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ቋንቋቸው የሚለያይ ሁለት ዓይነት ዕቃዎች መኖራቸው ነው። አንዱ በሳታ፣ ሁለተኛው ኤን ቪ ኤም ኢ በሚባለው ይናገራል። መሰኪያው የትኛውን እንደሚሰማ የማዘርቦርዱን መግለጫ ሳያዩ ገንዘብ መክፈል አይገባም።

ስለ መጠኑ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም። ለጽሑፍ፣ ለንባብና ለጥናት 240 ወይም 250 ጊጋባይት ይበቃል። የሚያስጨንቀው የዕቃው እውነተኛነት ነው። በመርካቶም ሆነ በቦሌ ወይም በኢንተርኔት «2 ቴራባይት» ተብሎ ለዕቃው በማይገባ ርካሽ ዋጋ የሚቀርብ ዲስክ ሲያጋጥመን መጠራጠር አለብን። እንዲህ ያለው የሐሰት ዕቃ ውስጡ ያለው ጥቂት ፍላሽ ብቻ ሆኖ ለኮምፒዩተሩ ግን ብዙ እንዳለው እንዲናገር የተደረገ ነው። ክፋቱ ወዲያው አለመጋለጡ ነው። የመጀመሪያዎቹን ፋይሎች በደኅና ይቀበላል፤ ከእውነተኛው መጠኑ ሲያልፍ ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፣ ወይም የተቀበለውን ሁሉ ይጥላል። ስለዚህ አዲስ የተገዛ ዲስክ ምንም ሳይጫንበት በሙሉ ተሞልቶና ተመልሶ ተነብቦ ሊፈተን ይገባል። ለዚህ ሥራ በሊኑክስ ኤፍ 3፣ በዊንዶውስ ኤች 2 ቴስት ደብሊው የሚባሉ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ፈተናው ሰዓት ቢወስድም ለሻጩ «መልስልኝ» ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ ይሰጣል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ብዙ ሰው ይህን ሥራ የብሎን ሥራ ያደርገዋል። ብሎኑ ግን ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ ጽሑፍም የሚጠፋው በብሎኑ ሳይሆን ከብሎኑ በፊትና በኋላ ባለው ነው። የችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ ሣጥኑን ከመክፈታችን በፊት በአሮጌው ዲስክ ላይ ያለው የማይተካ ነገር ሁሉ ወደ ሌላ ዕቃ መገልበጥ አለበት። የማይተካ የምንለው ፕሮግራሙን አይደለም፤ ፕሮግራም እንደገና ይጫናል። የማይተካው የጻፍነው፣ የቀዳነውና ያነሣነው ነው። ከቅጂውም ውስጥ ሁለት ሦስት ፋይል በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ ማየት ይገባል፤ ያልተከፈተ ቅጂ ገና ቅጂ መሆኑ አልተረጋገጠምና።

የአሮጌውን ዲስክ ጤንነት ለማወቅ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ማየት ይቻላል። ሰማያዊ ምልክት ደኅና ነው፤ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ቀይ ከሆነ ደግሞ ለነገ አይባልም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረ በሙሉ ለመገልበጥ መታገል ስሕተት ነው። በመጀመሪያ የመመረቂያውን ጽሑፍ፣ ቀጥሎ ቃለ መጠይቆቹን፣ እንዲህ እያሉ እንደ ዋጋቸው ቅደም ተከተል ማውጣት ይበጃል፤ ለስንት ደቂቃ እንደሚቆይ አይታወቅምና።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ አዲሱ ማባዛት ነው ወይስ ሁሉን ከአዲስ መጫን? እኛ በበኩላችን ከአዲስ መጫንን እንመርጣለን። ብዙ ተማሪ ፍላሹን እየሰካ ሲነቅልበት የኖረ ኮምፒዩተር ስንት ቫይረስ እንደ ተሸከመ የሚያውቅ የለም፤ ማባዛት ደግሞ እሱንም ጨምሮ ማባዛት ነው። ይሁን እንጂ እንደገና ሊገኝ የማይችል ፈቃድ ያለው ፕሮግራም ተጭኖበት ከሆነ ማባዛት ግድ ይሆናል። ለዚህም ክሎንዚላ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ። በዚህ ጊዜ ትልቁ አደጋ ምንጩንና መድረሻውን ማለዋወጥ ነው። ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ያባዛ ሰው በጥቂት ደቂቃ ሁለት ባዶ ዲስክ ይኖረዋል። ስለዚህ የሁለቱን ዲስኮች መለያ ቍጥር ከላያቸው ላይ አንብቦ በወረቀት መጻፍና በስክሪኑ ላይ ከሚታየው ጋር ማስተያየት ነው። አዲሱ ከአሮጌው በመጠን ያነሰ ከሆነ ደግሞ ክሎንዚላ እንዳለ አይቀበለውም፤ አስቀድሞ የአሮጌውን ክፍፍል ማሳነስ ያስፈልጋል። ይህ በሽተኛ ዲስክ ላይ የማይሞከር ሥራ ነው።

አሁን ሣጥኑን እንክፈት። ኮምፒዩተሩ ከተዘጋ በኋላ የመብራት ገመዱ ይነቀላል፤ ከዚያም ማብሪያው ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ይያዛል፤ ይህ በውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል። የሣጥኑን ብረት በባዶ እጅ መንካትም በሰውነታችን ያለውን እዚያው እንድንተወው ያደርጋል። የኦፕቲፕሌክሱ ክዳን በመቀርቀሪያ የሚከፈት ስለ ሆነ ካቻቪቴ እንኳ አያስፈልገውም። ወደ ሀርድ ዲስኩ የሚሄዱ ሁለት ገመዶች አሉ፤ ሰፊው ከፓወር ሰፕላዩ መብራት የሚያመጣ፣ ጠባቡ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያነጋግር ነው። የሁለቱም አፍ ውስጡ ማእዘናም ስለ ሆነ በአንድ በኩል ብቻ ይገባል፤ እምቢ ካለ መገልበጥ ነው እንጂ መግፋት አይደለም። በዚህ ኮምፒዩተር ቺፕሴት ላይ ካሉት የሳታ መሥመሮች ሁለቱ በሰከንድ 6 ጊጋቢት፣ የቀሩት 3 ጊጋቢት ናቸው። አዲሱ ዲስክ ከፈጣኖቹ በአንዱ ቢሰካ ይመረጣል፤ ግን በዝግተኛው ቢሰካም ቅድም የተናገርነው የመቶ እጥፍ ልዩነት አይጠፋበትም።

ኤስ ኤስ ዲው 2.5 ኢንች፣ ቦታው ግን ለ3.5 ኢንች የተሠራ ስለ ሆነ ማስተካከያ ብረት ያስፈልጋል። ካልተገኘም ሥራው አይቆምም። የሚሽከረከር አካል የሌለው፣ የማይንቀጠቀጥና ቀላል ዕቃ ስለ ሆነ በሁለት ወገን በሚጣበቅ ጠንካራ ፕላስተር ቢያዝ በቂ ነው። ይልቅ የማንመክረው ርካሹን የመብራት ማገናኛ ገመድ ነው፤ ፕላስቲኩ ቀልጦ የፈሰሰበት ዓይነት ሽቦዎቹ በውስጡ ተነካክተው ሊቃጠል ይችላል። ትርፍ የመብራት አፍ ከጠፋ የዲቪዲ ማጫወቻውን ነቅሎ የእሱን መጠቀም ይሻላል። ለመሆኑ በዚህ ዘመን ዲቪዲ የሚያስገባ ማነው?

ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ከአዲስ በሚጫንበት ጊዜ አሮጌው ዲስክ ተነቅሎ መቈየት አለበት። ይህን አጥብቀን የምንናገርበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው ግልጽ ነው፤ ያልተሰካ ዲስክ በስሕተት አይሰረዝም። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ሁለቱ ዲስኮች አብረው ከተሰኩ የዊንዶውስ መጫኛ ራሱን በአዲሱ ላይ አስቀምጦ የማስነሻ ፋይሎቹን በአሮጌው ላይ ሊተው ይችላል። ሁሉም በደኅና የሚሠራ ይመስላል፤ ከወራት በኋላ አሮጌው ዲስክ ሲሞት ወይም ሲነቀል ግን ጤነኛው አዲስ ዲስክ መነሣት ያቅተዋል።

ከመጫኑ በፊት ወደ ኮምፒዩተሩ ማስተካከያ ገጽ መግባት ያስፈልጋል፤ በዴል ኤፍ 2፣ በኤች ፒ ደግሞ ኤፍ 10 ይጫኑታል። እዚያ የሳታ አሠራር በሚለው ሥር ኤ ኤች ሲ አይ መመረጥ አለበት፤ የማስነሻው ዘዴም ዩ ኢ ኤፍ አይ ቢሆን ይሻላል። ይህ ከመጫን በፊት የሚደረግ ነው፤ ዊንዶውስ ከተጫነ በኋላ ቢለወጥ ላይነሣ ይችላል። መጫኛውን ከፍላሽ ለማስነሣት በዴል ኤፍ 12፣ በኤች ፒ ኤፍ 9 ነው። መጫኛው የት ልጫን ብሎ ሲጠይቅ ባዶውን ቦታ መርጦ መቀጠል ነው፤ ክፍፍሉን ራሱ ያበጀዋል።

ኤስ ኤስ ዲው ለፋይል ማስቀመጫ ብቻ የተጨመረ እንደ ሆነ ግን መጀመሪያ ጨርሶ አይታይም። ይህን ጊዜ «የተበላሸ ሸጡብኝ» ብሎ ወደ ሱቅ የሚሮጥ አለ። ዕቃው ደኅና ነው፤ ዲስክ ማኔጅመንት በሚለው ገጽ ገብቶ በጂ ፒ ቲ ሥርዓት መመዝገብና ኤን ቲ ኤፍ ኤስ ብሎ ማዘጋጀት ብቻ ይቀረዋል። ዳሩ ግን ይኸው ገጽ ጽሑፍ ያለበትን አሮጌ ዲስክ «ልመዝግበው?» ብሎ ከጠየቀ መልሱ «አይሆንም» ነው፤ ማንበብ አቅቶታል ማለት ነውና።

ምን እንጫን ለሚለው፣ ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለውን መቈለፊያና ከኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በኋላ ያለ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ የ2012ቱን ኮምፒዩተር በሕጋዊ መንገድ አይቀበለውም። እኛ ሊኑክስ ሚንትን እንመርጣለን፤ ነጻ ነው፣ የጥበቃ ማሻሻያ ይደርሰዋል፣ በግዕዝ ፊደልም ይጻፍበታል። የለመዱትን መተው የሚከብድ ቢሆንም ማንም የማይጠግነው መስኮት ከፍቶ ከመተኛት ይሻላል።

ከተጫነ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። ዲፍራግመንት የሚባለው አሮጌ ልማድ ለኤስ ኤስ ዲ አያስፈልግም፤ ክንድ የሌለውን ዕቃ መንገድ ማቃናት ትርፉ ማልፋት ነው። በምትኩ ትሪም የሚባለው ሥራ መሥራቱን ማረጋገጥ ነው፤ ይህ የተሰረዙት ፋይሎች የነበሩበትን ቦታ ለዲስኩ እያስታወቀ አስቀድሞ እንዲያጸዳው የሚያደርግ ነው። ከመጠኑም አንድ አሥረኛው ያህል ባዶ ቢተው ፍጥነቱን ይጠብቃል። «ሲጻፍበት ያልቃል» የሚለው ፍርሃት ግን ከልክ ያለፈ ነው። ርካሽ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የኪንግስተን ኤ 400 ባለ 240 ጊጋባይቱ 80 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ እንዲቆይ ታስቦ የተሠራ መሆኑን አምራቹ ይገልጻል። በቀን 20 ጊጋባይት ብንጽፍ 4,000 ቀን፣ ማለት ወደ 11 ዓመት ይሆናል። በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ደራሲ ካለ ደግሞ ልናነበው ዝግጁ ነን።

የሚያሳስበን ሌላ ነው። ሀርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ሳይሞት ያቃስታል፤ ይንቋቋል፣ ይዘገያል፣ ያስጠነቅቃል። ኤስ ኤስ ዲ ግን ትናንት በደኅና ሠርቶ ዛሬ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። በሀርድ ዲስክ ላይ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል ቶሎ ከተደረሰበት በባለሙያ እጅ ሊመለስ ይችል ነበር፤ ትሪም የሠራበት ኤስ ኤስ ዲ ላይ የተሰረዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። መብራት በድንገት ሲጠፋም በመጻፍ ላይ የነበረው ሊበላሽ ይችላል፤ ለእኛ የሚሸጡት አብዛኞቹ በትላልቅ ሰርቨሮች ላይ እንዳሉት የመጨረሻዋን ጽሑፍ እስኪጨርሱ የሚያቆያቸው የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ የላቸውም። ዩ ፒ ኤስ ላለው ይበጃል። ለሌለው ደግሞ በየሳምንቱ በሌላ ዕቃ ላይ መገልበጥ ከድሮው ይልቅ አሁን ግዴታ ሆኗል።

አሮጌው ዲስክ እንግዲህ ምን ይሁን? አዲሱ ቢያንስ አንድ ወር ያህል ሠርቶ እስኪታይ ድረስ አይነካ፣ አይሰረዝ፣ ለሌላም አይሰጥ። በላዩ ላይ ወረቀት ለጥፎ የማን እንደ ሆነና የተነቀለበትን ቀን መጻፍ ነው። ከወሩ በኋላ ጤነኛ ከሆነ በዩ ኤስ ቢ ማቀፊያ ገብቶ የቅጂ ማስቀመጫ ይሆናል። ባለ 3.5 ኢንቹ 12 ቮልት ስለሚፈልግ ማቀፊያው የራሱ የመብራት ገመድ ያለው መሆን አለበት፤ ከኮምፒዩተሩ ዩ ኤስ ቢ ብቻ የሚጠጣው አያነሣውም። ለዚህ አገልግሎት ከኤስ ኤስ ዲ ሳይሻል አይቀርም። ጄዴክ የሚባለው የአምራቾች ደንብ አውጪ፣ የጽሑፍ ዕድሜው ያለቀ ተራ ኤስ ኤስ ዲ መብራት ሳያገኝ በ30 ዲግሪ ሙቀት ጽሑፉን እንዲጠብቅ የሚጠይቀው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ሀርድ ዲስክ በመሳቢያ ውስጥ ሆኖ ከዚያ ይታገሣል። ዲስኩ ለሌላ ሰው የሚሰጥ ከሆነ ግን ፋይሎቹን ወደ ቅርጫት መጣል በቂ አይደለም፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጊዜ ዜሮ ይጻፍበት። 500 ጊጋባይት ቢሆን ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃልና ማታ ትቶት መሄድ ይቻላል።